ሠላሳ ሴኮንድና የተቆረጠው ዓረፍተ ነገር

ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ሁሉ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» የሚለውን የወያላ ጥሪ ያውቀዋል። ተሯሩጣችሁ ትገባላችሁ፤ ስትቀመጡ ገና አራት ወንበር ባዶ ነው። ማንም አይቆጣም፤ ጥሪው ለምን እንደተጠራ እናውቃለና። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቻልዲኒ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ማሳመን ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ከዘረዘራቸው ስድስት መርሖች አንዱ ይኸው ነው፦ ሊያልቅ ነው የተባለ ነገር ተፈላጊነቱ ይጨምራል። ወያላው ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። ሥራው አስተማረው።

እኔም ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆቻችን ማስታወቂያ እንዴት እንደሚያሳምን እንዲገባቸው ከፈለግን፣ ራሳቸው ማስታወቂያ ይሥሩ። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፤ በዚህ ትምህርት ግን መጠምጠሙ ራሱ መማሪያ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። መሥራቱ ብቻውን ሻጭ እንጂ አስተዋይ አያወጣም። ልጆቹ ከማስታወቂያው ጋር ሌላ ወረቀት ማስረከብ አለባቸው፤ እያወቁ ያልተናገሩትን፣ ጽፈው የቆረጡትን የሚዘረዝር ወረቀት። የዛሬው ንግግሬ በአብዛኛው ስለዚያ ወረቀት ነው።

ምክር ለምን አልሠራም?

ብዙዎቻችን ለልጆቻችን «ማስታወቂያ ውሸት ነው፣ አትመኑት» ብለን መክረናል። ልጁም «አውቃለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ያውቃል። በቴሌቪዥን ሙዚቃው ሲቀየርና የታወቀ ተዋናይ ቁልፍ ይዞ አዲስ አፓርታማ ፊት ሲቆም፣ የ14 ዓመት ልጅ ማስታወቂያ መሆኑን ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም። የሀገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በቀላሉ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። ድንበሩ የታወቀ ነበር።

ስልክ ላይ ያ ድንበር የለም። ልጅቷ ቲክቶክ ላይ የምትከታተላት ወጣት ፀጉሯን እየሠራች ስለ ጓደኛዋ ታወራለች፤ በወሬው መካከል አንድ ቅባት ታነሣለች፣ ትቀባለች፣ ወሬዋን ትቀጥላለች። ማስታወቂያው ተጀምሮ አልቋል። የእግር ኳስ ውጤት የሚተነትነው ልጅም ትንታኔውን ሲጨርስ የውርርድ ድርጅት ስም ይጠራል። እዚህ ላይ «ማስታወቂያን አትመን» የሚለው ምክር መያዣ ያጣል፤ ልጁ ማስታወቂያ እያየ መሆኑን አላወቀምና።

ማሪያን ፍሪስታድና ፒተር ራይት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ጉዳይ በደንብ አስቀምጠውታል። እነሱ እንደሚሉት ሰው ሊያሳምኑት የሚሞክሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ዘዴ በሕይወቱ ሙሉ ቀስ በቀስ እየለየ ይሄዳል፤ አንድን ድርጊት «ይህ እኔን ለማሳመን የተደረገ ነው» ብሎ ባወቀ ቁጥር ለድርጊቱ የሚሰጠው ምላሽ ይለወጣል። ጥያቄው ታዲያ ይህን እውቀት እንዴት እናፋጥን ነው።

ሙከራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 ኒውዮርክ ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ትንተና ተቋም የሚባል ድርጅት ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ ዋነኛው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጁ ክላይድ ሚለር ነበር፤ ገንዘቡን የሰጠው ደግሞ ኤድዋርድ ፋይሊን የተባለ የቦስተን ነጋዴ፣ የትልቅ ሱቅ ባለቤት ነው። ተቋሙ ሰባት የማሳመኛ ዘዴዎችን ዘርዝሮ በየትምህርት ቤቱ አሰራጨ። ከነዚህ ውስጥ የታዋቂ ሰው ምስክርነት፣ «እኔም እንደናንተው ተራ ሰው ነኝ» ማለት፣ «ሁሉም ይዞታል፣ አንተስ?» ማለትና የሚስማማውን ማስረጃ ብቻ መርጦ መደርደር ይገኙበታል። ተቋሙ በ1942 ቢዘጋም ዝርዝሩ እስከ ዛሬ በየመማሪያ መጻሕፍቱ አለ። ዝርዝር ግን ይሸመደዳል። ተማሪው ሰባቱን ዘዴዎች በቃሉ ወጥቶ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ማታ ቅባቱን ሊያዝ ይችላል። ለዚህ ነው እጁን ማስገባት ያለበት።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ካሜራ ካለ መልካም፤ ከሌለ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን ሚኒ ሚዲያ አላቸው፤ ማይክና ድምፅ ማጉያ ይበቃል። ክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖረው በስድስት በስድስት ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁሉም የሚያውቁት አንድ ተራ ነገር ይሰጠዋል፤ እርሳስ፣ ጃንጥላ፣ ቆሎ። የእውነተኛ ድርጅት ስም አይነሣም። አንደኛ፣ ልጆቹ የማንም ነጻ ማስታወቂያ ሠራተኛ መሆን የለባቸውም። ሁለተኛ፣ የአንድን ድርጅት ጉድለት በማይክ መዘርዘር ጣጣ ያመጣል።

ሕጉ ሁለት ነው። የጊዜው ልክ 30 ሴኮንድ ሲሆን ይህም በአማርኛ ከ50 እስከ 60 ቃል ገደማ ማለት ነው። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ፣ አንድም ሐሰተኛ ቃል አይፈቀድም። ተማሪዎች ይህን ሁለተኛውን ሲሰሙ ያጉረመርማሉ፤ «ሳንዋሽ ምን ማስታወቂያ ይሆናል?» ይላሉ። ይህ ማጉረምረም ራሱ ስለ ማስታወቂያ ያላቸውን እምነት ያሳያል፤ ጉዳቱ ሁሉ በውሸት የሚመጣ ይመስላቸዋል።

አሁን አንዱን ቡድን እንከተል። የደረሳቸው በትምህርት ቤት በር ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ቆሎ ነው እንበል። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

«ጥራቱን የጠበቀ፣ አቻ የማይገኝለት፣ በተመጣጣኝ ዋጋ የቀረበ ቆሎ! ይምጡና ይጎብኙን!»

ይህ ከሬዲዮ የተለቀመ ቋንቋ ነው። «ቆሎ» የሚለውን አውጥታችሁ «ሶፋ» ብትተኩበት ምንም አይጎድልም። ስለዚህ መምህሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የምታናግሩት ማንን ነው? «ሁሉንም» ካሉ አንድ ሰው እንዲመርጡ ይገደዳሉ፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ዛሬ ጠዋት ምን እንደበላ፣ ምን እንደሚያሳፍረው። ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

«ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። ቁርስ ሳትበላ ወጥተሃል። ክፍሉ ጸጥ ሲል ሆድህ ጮኸ። ከጎንህ ያለችው ሰማች። ነገም እንዲህ ልትሆን ነው? አንድ ጥቅል ቆሎ፣ ኪስህ ውስጥ። ደወል እስኪደወል ያቆይሃል።»

ክፍሉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። አንድም ሐሰተኛ ቃል የለበትም። ቁርስ ያልበላ ልጅ አለ፤ ሆድ ይጮኻል፤ ቆሎ ያቆያል። ግን «ከጎንህ ያለችው ሰማች» የምትለው ዓረፍተ ነገር ከየት መጣች? መምህሩ አላዘዘም። ልጆቹ ራሳቸው ረኃብን ከመሸጥ እፍረትን መሸጥ እንደሚቀል ደረሱበት። አርስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ማሳመኛን በሦስት ከፍሎ ነበር፦ የተናጋሪው ታማኝነት፣ የሰሚው ስሜትና የነገሩ አመክንዮ። ይህን ክፍፍል በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስተማር ይቻላል። ተማሪው ግን የገዛ ጽሑፉን ይዞ «እኛ የትኛውን ተጠቀምን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሚመልሰው ስለ ራሱ ድርጊት ነው፤ አይረሳውም።

ሁለተኛው ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። ቡድኑ ስለ ቆሎው የሚያውቀውን ሁሉ፣ ነገር ግን ማስታወቂያው ውስጥ ያላስገባውን፣ በሌላ ወረቀት ይጽፋል። መሐሉ ላይ መስመር ይሰመራል። በቀኝ በኩል፦ «ሰዓት ስላልበቃን የተውነው»። በግራ በኩል፦ «ገዢው ቢያውቀው ሐሳቡን ይቀይራል ብለን የተውነው»።

የቆሎው ቡድን ዝርዝር ምን ይመስላል? ገብሱ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር የተቀላቀለ ነው። ሻጭዋ ጠዋት ጠዋት ቆልታ ታመጣለች። መስፈሪያው ካለፈው ዓመት አንሷል፤ ዋጋው ግን ያው ነው። አንዳንድ ጊዜ ጠጠር ይገኝበታል። የሚጠቀለልበት ወረቀት ያገለገለ ደብተር ነው፤ ቀለሙ ቆሎው ላይ ይነካል።

የትኛው በየትኛው ረድፍ ይገባል? ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ነው፤ መምህሩም ዝም ብሎ ቢያዳምጥ ይሻላል። አንዷ «የወረቀቱን ነገር የተውነው ሰዓት ስላልበቃን ነው» ትላለች። ሌላው «ስለ እፍረት ሦስት ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ ሰዓቱ ከየት መጣ?» ይላታል። ስለ መስፈሪያው ማነስ «ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ መናገር አይጠበቅብንም» የሚል ይኖራል፤ «ሁሉም ካወቀ ብንናገር ምን ይጎዳናል?» የሚልም ይኖራል። እነዚህ ልጆች ሳያውቁት በንግድ ሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ለብዙ ዘመን ሲያወዛግብ የኖረ ጥያቄ ላይ ደርሰዋል፦ ዝምታ ማሳሳት የሚሆነው መቼ ነው?

ከዚያ ማስታወቂያው በሚኒ ሚዲያው ወይም በክፍል ይቀርባል። አድማጮች ይገዙ እንደሆነ እጅ ያወጣሉ። ቀጥሎ የግራው ረድፍ ይነበባል፤ እጅ እንደገና ይወጣል። በሁለቱ ቆጠራ መካከል ያለው ልዩነት የዚያ ዝምታ ዋጋ ነው። አንዳንዴ ልዩነት አይኖርም፤ ሰው ጠጠሩንም ወረቀቱንም አውቆ ቆሎውን ይገዛል። ያም ትልቅ ትምህርት ነው። መደበቅ የማያስፈልገው ነገር በፍርሃት ብቻ ተደብቆ ነበር ማለት ነው።

ነጥብ ሲሰጥ ከማስታወቂያው ይልቅ ለሁለተኛው ወረቀት ብዙ ይሰጥ። ያለዚያ ያሳቀው ቡድን ይሸለምና ተማሪዎቹ ከትምህርቱ ማሳቅን ብቻ ይዘው ይወጣሉ።

ሥዕልም ይቆርጣል

ቃል ብቻ አይደለም። ይህን ለማሳየት ሁለት እውነተኛ ታሪኮች ይበቃሉ፤ ሁለቱም ከአሜሪካ ናቸው። ኮልጌት ፓልሞሊቭ ራፒድ ሼቭ ለተባለው የመላጫ ክሬሙ ማስታወቂያ ሠራ። ክሬሙ አናጺ እንጨት በሚያለሰልስበት በብርጭቆ ወረቀት ላይ ይቀባል፤ ምላጩ ወዲያው ሲያልፍበት አሸዋው ሙልጭ ብሎ ይነሣል። ይህን ያለሰለሰ ክሬም ፊት አያቅተውም ለማለት ነው። በእውነት የታየው ግን ብርጭቆ ወረቀት አልነበረም፤ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ የተነሰነሰ አሸዋ ነበር። እውነተኛው ብርጭቆ ወረቀት በዚያ ክሬም ሊላጭ ይችላል፤ ነገር ግን 80 ደቂቃ ያህል መራስ ነበረበት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1965 ኩባንያው ተረታ። የተቆረጠው 80 ደቂቃ ነበር።

ሁለተኛው የካምቤል ሾርባ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ለማስታወቂያ በተነሣው ፎቶ ላይ አትክልቱ ከሾርባው በላይ ሞልቶ ይታይ ነበር። ሳህኑ ውስጥ ከሥር የመስተዋት ብይ ተደርጎ ነበርና አትክልቱ መስመጫ አጣ። የሀገሩ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አሳሳች ነው ብሎ ጉዳዩን አነሣ። ይህን ክፍል ውስጥ መድገም በጣም ቀላል ነው። ብይ የሌለው ሠፈር የለም። ሁለት ተመሳሳይ ሳህን፣ እኩል የተጨለፈ የአትክልት ሾርባ፣ በአንዱ ሥር በደንብ የታጠበ ብይ። በስልክ ሁለት ፎቶ ይነሣል። ተማሪው ሾርባው እኩል መሆኑን በዓይኑ አይቶ ፎቶው ላይ አንዱ ሲበልጥበት፣ ከዚያ በኋላ የሬስቶራንት ፎቶ ሲያይ ሳህኑ ሥር ምን እንዳለ መጠየቁ አይቀርም።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ወላጅ «ልጆቻችንን አታላይ ልታደርጉልን ነው?» ይላል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ወረቀት ቀርቶ ውድድሩና ጭብጨባው ብቻ ከተያዘ፣ አዎ፣ የምናሠለጥነው ሻጭ ነው። በተለይ አንድ ድርጅት «ለምርቴ ማስታወቂያ የሚሠሩ ተማሪዎችን ልሸልም» ብሎ ሲመጣ ርእሰ መምህራን እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። ድርጅቱ የግራው ረድፍ እንዲነበብ አይፈቅድም፤ ትምህርቱ ደግሞ እዚያ ረድፍ ላይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው። «ሁሉን የሚጠራጠር፣ ምንም የማያምን ልጅ ብናፈራስ?» ይባላል። በዚህ ላይ ጥናት አለ። ዊልያም ማክጓየር የተባለ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰው ደካማ የሆነን የማሳመኛ ሙከራ አስቀድሞ ቢቀምስ ኃይለኛውን መቋቋም እንደሚችል ያስረዳ ነበር፤ በክትባት መሰለው። ከዚህ ተነሥተው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሆላንድ ባልደረቦች ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባድ ኒውስ የተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ አወጡ፤ ተጫዋቹ ራሱ ሐሰተኛ ዜና እየፈጠረ ተከታይ ያበዛል። በ2019 በታተመው ጥናታቸው ወደ 15,000 የሚጠጉ ተሳታፊዎች ከተጫወቱ በኋላ ለሐሰተኛ ዜና የሚሰጡት አመኔታ ቀነሰ። በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ውጤቱን መልሰው መርምረው፣ ተጫዋቾቹ እውነቱንም ዜና ጭምር ወደ መጠራጠር አዘንብለዋል የሚል ትችት አቀረቡ።

ይህን ትችት በቁም ነገር መውሰድ ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ብቻውን እውቀት አይደለም፤ የልጅነት ልምሻ ክትባትን ማስታወቂያና የውርርድ ማስታወቂያን በአንድ ዓይን የሚያይ ወጣት ምንም አልተማረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ከቆሎው ቀጥሎ ሌላ 30 ሴኮንድ ይሥራ፤ ለሕዝብ ጥቅም የሚሆን፤ ደም ስለ መለገስ፣ ስለ ክትባት፣ ውኃ ስለ ማፍላት። በዚህኛውም ሁለተኛ ወረቀት ይጻፍ። ደም ስለ መለገስ የሠራው ቡድን «መርፌው ትንሽ ያማል» የሚለውን የት እንደሚያስቀምጥ ይጨነቃል። ለመልካም ዓላማ ሲባል መደበቅ ይፈቀዳል? የእኔ መልስ አይፈቀድም ነው፤ ለሕዝብ ጤና የሚሠራ ማስታወቂያ የግራው ረድፍ ባዶ መሆን አለበት። ልጆቹ ግን ተከራክረው ይድረሱበት። ያኔ መለኪያ ይዘው ይወጣሉ፤ አንዱን ማስታወቂያ ከሌላው የሚለየው የተደበቀው ነገር መጠንና ክብደት እንደሆነ ያያሉ።

ሕጉ ያለበትና የሌለበት

«ሕግ እያለ ልጁ ለምን ይልፋ?» የሚል ይኖር ይሆናል። የእኛን ሀገር የአልኮል ማስታወቂያ ታሪክ እንመልከት። በአዋጅ 759/2004 መሠረት የአልኮል መጠኑ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አይተዋወቅም ነበር። ቢራ ከዚያ በታች ነውና ስክሪኑን ያዘው። እስክስታው፣ ኳሱ፣ በዓሉ፣ የሀገር ፍቅሩ ሁሉ በቢራ ጠርሙስ ዙሪያ ተሰበሰበ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ቢራንም ከብሮድካስት አስወጣ። ጥሩ ተደረገ። ግን በመጀመሪያው አዋጅና በሁለተኛው መካከል ሰባት ዓመት አለ፤ በነዚያ ዓመታት ልጅ የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ሕግ ይደርሳል፤ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሲደርስም በዕድሜ ይገደባል፦ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ከልክላለች፤ የካናዳዋ ኩቤክ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉት ከልክላለች። ሁለቱም ከልካይ ሕጎች በልጅነት ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ወጣት ብቻውን ነው፤ በእጁ ያለው ያስተማርነው ብቻ ነው።

ከዛሬ ምን እንውሰድ?

ወላጆች፣ ቤት ውስጥ ማስታወቂያ ሲመጣ «ውሸት ነው» ማለታችሁን ትታችሁ «ምን ያልነገሩን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ላይ ልጁ ትከሻውን ይነቀንቃል። ውሎ አድሮ እሱ ራሱ ይጠይቃችኋል፤ ምናልባትም ጎረቤት ያመጣላችሁን የእቁብ ሐሳብ ወይም እናንተ ለመግዛት የጓጓችሁለትን ስልክ አንሥቶ። ያኔ አትቆጡት።

መምህራን፣ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይበቃችኋል፤ አንዱ ለመጻፊያ፣ አንዱ ለማቅረቢያ፣ አንዱ ለሁለተኛው ወረቀት ክርክር። ጊዜ ከጠበበባችሁ ማቅረቢያውን አሳጥሩ፤ ክርክሩን አታሳጥሩ።

ተማሪዎች፣ እናንተ ከእኛ ይልቅ ስልኩን ታውቁታላችሁ። ነገ የምትከታተሉት ሰው አንድ ነገር አንሥቶ ሲያመሰግን፣ እናንተ ብትሆኑ ኖሮ የትኛውን ዓረፍተ ነገር ትቆርጡ እንደነበር ገምቱ። አንድ ጊዜ በገዛ እጁ የቆረጠ ሰው የሌላውን መቁረጫ ቦታ ለማግኘት አይቸገርም።

ለዚህ ሁሉ በጀትም፣ መመሪያም መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ተራ ዕቃ፣ 30 ሴኮንድ የሚቆጥር አንድ ሰዓት፣ መሐሉ ላይ መስመር የተሰመረበት አንድ ወረቀት ይበቃል። ጥያቄም ተቃውሞም ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ እኔም የተውኩት ነገር ካለ ከዚያ ጀምሩ።